ጥያቄውን ሳይሰማ የሚመልስ አማካሪ

የሕግ ሰው ስለ ጥንቆላ ሲጽፍ ጨዋታ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። በተለይ እንደ እኔ ሃምሳውን ያለፈ፣ ልጆች ያደረሰ፣ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው «የዮሩባ ጥንቆላ ቁም ነገር አለው» ብሎ ሲነሳ «ሰውዬውን ምን ነካው?» የሚል አይጠፋም። ውድ አንባቢያን፣ ጠንቋይ ቤት ሂዱ ልላችሁ አልተነሳሁም። የምጽፈው በናይጄሪያ፣ በቤኒንና በቶጎ ስለሚኖረው የዮሩባ ሕዝብ ጥንታዊ የምክር ሥርዓት ነው፤ ኢፋ ይባላል። ይህን ሥርዓት አንድ ቀን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያን ቀን በሙያዬ ላይ የጣለብኝ ጥያቄም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ኢፋን በአማርኛ ለማስረዳት መጀመሪያ የሚያስቸግረው ቃሉ ነው። ጠንቋይ፣ ሟርተኛ፣ ኮከብ ቆጣሪ፣ ሞራ ገላጭ፣ ቃሊቻ እያልን መደርደር እንችላለን፤ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ቃላት ገና ከአፍ ሳይወጡ ተፈርዶባቸዋል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተይዞ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1864 የመጀመሪያው አፍሪካዊ የአንግሊካን ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ዮሩባ ቋንቋ ሲተረጉም፣ ለሰይጣን የሰጠው ስም ኤሹ የሚል ነበር። ኤሹ ግን በዮሩባ እምነት የመስቀለኛ መንገድና የመልእክት ጌታ ነው፤ ተንኮል ባያጣውም የሰውን መሥዋዕት ወደ ላይ የሚያደርሰው እሱ ነው። በአንድ የትርጉም ውሳኔ መልእክተኛው ዲያብሎስ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ እኔም ጠንቋይ ከምል በራሳቸው ቃል ባባላዎ እላለሁ። «የምስጢር አባት» ማለት ነው።

የዮሩባን እምነት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ሃያሊያ በምትባል ከተማ፣ ከኩባ የመጡ የዚህ እምነት ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ1987 ቤተ አምልኮ ሊከፍቱ ሲነሱ፣ የከተማው ምክር ቤት ተሯሩጦ የእንስሳት መሥዋዕትን የሚከለክሉ ደንቦች አወጣ። ቄራውና ሥጋ ቤቱ እንደነበሩ ሆነው ለአምልኮ የሚታረደው ዶሮ ብቻ ጥፋት ሆነ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1993 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ደንቦቹን ሻሩ። ውሳኔውን ሳነብ ከሕጉ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። በሰንሰለት ታስሮ አትላንቲክን የተሻገረ ሰው ምንም ይዞ አልሄደም። ልብሱን፣ ስሙን፣ ቤተሰቡን ተነጥቋል። ይህ እምነት ግን ኩባና ብራዚል ደርሶ በሕይወት ኖረ፤ ዛሬም በሃቫና ባባላዎዎች በየዓመቱ መጀመሪያ ተሰብስበው ለዓመቱ የወጣውን ምክር ለሕዝብ ያሳውቃሉ። ሰዎቹ በጭንቅላታቸው ይዘው የተሻገሩት ምን ቢሆን ነው?

መልሱን በከፊል ያገኘሁት በአንድ ወዳጄ ምክንያት ነው። ዮሩባ ነው፤ የሕግ ባለሙያ፣ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አባል። ነገሩ የቤተሰብ ስለሆነ ስሙን አልጠራም። እ.ኤ.አ. በ2015 ለሥራ ኢባዳን ሄጄ ሳለ እራት ላይ ጉዳዩን አጫወተኝ። አባቱ ሳይናዘዙ ሞተዋል። ታላቅ ወንድሙ የቤተሰቡ አለቃ ሆኖ፣ ማንንም ሳያማክር፣ የአባታቸውን ቤት ግማሹን ለአንድ ነጋዴ ሊሸጥ ቀብድ ተቀብሏል። በዮሩባ ልማዳዊ ሕግ ኑዛዜ ሳይተው የሞተ አባት ቤት የልጆቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ይሆናል፤ አለቃው ዋና ዋናዎቹን የቤተሰብ አባላት ሳያስፈቅድ ቢሸጥ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል። እኔም ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቄ «ክሰስ፤ ትረታለህ» አልኩት። እንደ ሕግ ሰው ትክክል ነበርኩ። አሁንም ትክክል የነበርኩ ይመስለኛል።

እሱ ግን ዝም ብሎ ቆየና «ነገ ኢሌ ኢፌ አብረን እንሂድ» አለኝ።

ኢሌ ኢፌ ዮሩባዎች ምድር የተፈጠረችበት ቦታ የሚሏት ከተማ ናት። ከኢባዳን በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። በመንገዳችን ላይ ወዳጄ ያስረዳኝን፣ ከዚያ በኋላ ካነበብኩት ጋር ደምሬ እንዲህ ላሳጥረው። ሰው ከመወለዱ በፊት ተንበርክኮ ኦሪውን ይመርጣል። ኦሪ ማለት ራስ፣ ጭንቅላት ነው፤ የሕይወት ዕጣም ያው ነው። እኛ «የአርባ ቀን ዕድሌ» የምንለውን ያስታውሳል፤ እዚያ ግን መራጩ ባለቤቱ ራሱ ነው። ሲወለድ ታዲያ የመረጠውን ይረሳል። በምርጫው ጊዜ በቦታው የነበረ አንድ ምስክር አለ፤ የጥበብ አምላክ የሆነው ኦሩንሚላ። ከማዕረጎቹ አንዱ «የዕጣ ፈንታ ምስክር» የሚል ነው። እንግዲህ ኢፋን መጠየቅ ማለት ባለውሉ የረሳውን ውል፣ ውሉ ሲፈጸም የነበረውን ምስክር ጠርቶ ማስታወስ ነው። ይህን ስሰማ ስድስት ኪሎ የማስረጃ ሕግ ያስተማሩኝ መምህሬ ትዝ ብለውኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ይህ ማለት ግን ሁሉ ነገር አስቀድሞ ተቆርጧል ማለት አይደለም። መልካም ራስ የመረጠ ሰው በክፉ ጠባይና በስንፍና ሊያበላሸው ይችላል። ለዚህ ነው በኢፋ ትምህርት ውስጥ ኢዋ ፔሌ የሚባለው፣ ለስላሳና ትዕግሥተኛ ጠባይ፣ ትልቁን ቦታ የያዘው። ዕጣው የማይነካ ቢሆንማ ምክር መጠየቁ ምን ያደርጋል?

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ባባላዎው ኦፔሌ የሚባል ሰንሰለት አለው፤ በሁለት ወገን አራት አራት፣ በድምሩ ስምንት የፍሬ ቅርፊቶች ተሰክተውበታል። ሲወረውረው እያንዳንዱ ቅርፊት ወይ በሆዱ ወይ በጀርባው ይወድቃል። ከበድ ላለ ጉዳይ ደግሞ ኢኪን የሚባሉ 16 የፓልም ፍሬዎች አሉ። በእጁ አፈፍ ሲያደርጋቸው አንድ ፍሬ ቢቀር ሁለት ጭረት፣ ሁለት ቢቀሩ አንድ ጭረት፣ በእንጨት ገበታ ላይ በተነሰነሰ ዱቄት ውስጥ በጣቱ ይሰምራል። ይህን ስምንት ጊዜ ያደርጋል። ስምንት ቦታ፣ በየቦታው ሁለት አማራጭ፤ ሲባዛ 256 ምልክት ይወጣል። እያንዳንዱ ምልክት ኦዱ ይባላል። 16ቱ ዋናዎች፣ 240ዎቹ የእነሱ ድቅሎች ናቸው። የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነውና። አንዳንድ አድናቂዎች ከዚህ ተነስተው ዮሩባዎች ኮምፒውተርን ቀድመው አገኙ ሲሉ እሰማለሁ። እኔ እስከዚያ አልሄድም። በአረቡ ዓለም ያለው የአሸዋ ጥንቆላም 16 ምልክቶች አሉት።

ቁም ነገሩ ያለው በየኦዱው ሥር ነው። በእያንዳንዱ ኦዱ ሥር በቃል የሚያዙ ብዙ ግጥማዊ ታሪኮች አሉ። አንድ ባባላዎ ለየኦዱው አራት አራት ብቻ ቢይዝ እንኳ ከ1,000 በላይ ታሪክ በቃሉ ያውቃል ማለት ነው፤ አዋቂዎቹ የሚይዙት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ትምህርቱ ብዙ ዓመት ይወስዳል። ተማሪው እንደ እኛ የቆሎ ተማሪ መምህሩ ዘንድ እየኖረ፣ እያገለገለ፣ እየደጋገመ ነው የሚማረው። በባርነት መርከብ ተጭኖ የተሻገረው ይህ ነበር። ፈንጋዩ ሊነጥቀው የማይችለው፣ መኖሩንም የማያውቀው ቤተ መጻሕፍት።

የደረስንበት ቤት የቆርቆሮ ጣራ ያለው ተራ ቤት ነው። ሽማግሌው ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ሱፍ የለበሰው ወዳጄ መሬት ላይ በደረቱ ተዘርግቶ ሰላምታ ሰጣቸው፤ «ባባ» ይላቸዋል። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። አሁን ጉዳዩን ያስረዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ወዳጄ ከኪሱ አንድ ብር ኖት አውጥቶ ወደ ከንፈሩ አስጠጋና የሆነ ነገር አንሾካሾከለት። ገንዘቡን ፊታቸው አኖረው። ሽማግሌው አልሰሙም፤ ለመስማትም አልሞከሩም። ኦፔሌውን አንስተው ወረወሩ።

ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ ሳይሰማ ሥራ የሚጀምር አማካሪ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ስኒ አንባቢዋ እንኳ «ባል አለሽ? ሥራ ቦታ የሚቀናብሽ ሰው አለ?» እያለች ጠያቂዋ ራሷ ከምትሰጣት ፍንጭ ነው መልሷን የምትሸምነው። ጠበቃም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ደንበኛው መስማት የሚፈልገውን ከመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይረዳና በዚያው ይነዳዋል። በኢፋ ይህ በር በሥርዓቱ ተዘግቷል። ከ1937 ጀምሮ በኢፌ ያጠናውና በ1969 ስለ ኢፋ ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ዊሊያም ባስኮም ይህን ነገር በአጽንኦት መዝግቦታል። ባባላዎው ምልክቱን አውጥቶ በሥሩ ያሉትን ታሪኮች አንድ በአንድ ይላል፤ የእኔን ጉዳይ የሚመስለው ይህ ነው ብሎ የሚለየው ጠያቂው ነው።

የታሪኮቹ አቀራረብ ደግሞ ይበልጥ አስገረመኝ። መጀመሪያ የጥንት ባባላዎዎች ስም ይጠራል። ቀጥሎ ለማን እንደጠየቁለት፣ ሰውዬው ምን ገጥሞት እንደመጣ ይነገራል። ከዚያ ምን እንዲያደርግ፣ ምን መሥዋዕት እንዲያቀርብ እንደታዘዘ፤ ትእዛዙን ፈጸመ ወይስ ናቀ? በመጨረሻ ምን ደረሰበት? ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ የሚሉት ይህን ነው ብዬ አለፍኩና ወዲያው ደነገጥኩ። የዳኞች ስም፣ የተከራካሪ ስም፣ የነገሩ ፍሬ ሐሳብ፣ ትእዛዝ፣ የአፈጻጸም ውጤት! የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ነው። እኔ ሕግ ስማር በአገራችን የቀደመ ውሳኔ አስገዳጅ አልነበረም፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ የታወጀው በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 454 ነው። ዮሩባዎች ያለ ወረቀት፣ ያለ ማተሚያ ቤት፣ የቀደሙ ጉዳዮችን በቁጥር ከፋፍለው በሰው አእምሮ ውስጥ ሲያስቀምጡ ኖረዋል።

ወዳጄ በጆሮዬ እየተረጎመልኝ ሦስት ታሪክ ሰማን። የመጀመሪያው ጠላቶቹን ስላሸነፈ ሰው ነበር። ይህን ይመርጣል ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ፤ ክሱን የሚያጠናክር ነውና። አልመረጠውም። ሁለተኛው ስለ መንገደኛ ነበር፤ አለፈው። ሦስተኛው ስለ ኦሩንሚላ ራሱ ነው። ኦሩንሚላ ኢዋ የምትባል ሴት አገባ፤ ኢዋ ማለት ጠባይ ማለት ነው። ሴትየዋ ነውር አላጣትም፤ ሥራ አትወድም፣ ንጽሕና የላትም። ታግሦ ታግሦ አንድ ቀን አባረራት። እሷ ስትሄድ ክብሩም፣ ሀብቱም፣ ወዳጁም አብሮ ሄደ። ያን ጊዜ ያ የጥበብ አምላክ ራሱ ባባላዎዎች ዘንድ ሄዶ ጠየቀ፤ ከዚያም ከቤት ቤት እየዞረ ሲፈልጋት ኖረ።

ወዳጄ እዚህ ላይ እጁን አነሳ። ሽማግሌው ቆም አሉ። ማንም ምንም አላብራራም።

«ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም» የሚለውን ተረታችንን የምንጠቀመው ለማላገጥ ነው። በዮሩባ ዘንድ ይኸው ነገር ሥርዓት ሆኖ ይኖራል። ባባላዎ ሲጨነቅ ወደ ሌላ ባባላዎ ይሄዳል፤ በብዙ ታሪኮች ጠያቂው ኦሩንሚላ ራሱ ነው። የጥበብ ምንጭ የሚባለው እንኳ የራሱን ነገር ብቻውን አይፈርድም።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ዝርዝሮች አዎ ወይም አይደለም በሚያሰኝ መንገድ ተጠየቁ፤ ዛጎልና አጥንት በሁለት እጅ ይደበቅና አንዱ እጅ ይመረጣል። መጨረሻ ላይ ኤቦ፣ መሥዋዕቱ፣ ታዘዘ። ሁለት እርግብ፣ የኮላ ፍሬ፣ የፓልም ዘይትና ምግብ፤ ምግቡን የአባቱ ልጆች ሁሉ አብረው እንዲበሉ። ሽማግሌው ወንድም መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር፤ ወይም አያውቁም ብዬ አምናለሁ። በዮሩባ ልማድ መሥዋዕት ከጎረቤትና ከዘመድ ጋር የሚበላበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ በዚህ ተአምር የለም። ግን ልብ በሉ፤ ምክሩ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ወዳጄን ከሚያኮርፈው ሰው ጋር አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጠዋል። የእኔ ምክር ያስከተለው የዳኝነት ክፍያ ብቻ ነበር።

እንግዲህ የሕግ ሰው ነኝና የተቃራኒውን ወገን ክርክር ልሙላ። ተከራካሪው የሚስማማውን ቀዳሚ ውሳኔ ራሱ የሚመርጥበት ችሎት ምን ዓይነት ችሎት ነው? ሰው ከብዙ ታሪክ መካከል ልቡ አስቀድሞ የወሰነውን ቢመርጥስ? ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አንድ ወዳጄ ያደረገው ምርጫ አይመልሰውም። ኦፔሌው የሚወድቀው በአጋጣሚ ነው ለሚል ሰውም የማቀርብለት ማስረጃ የለኝም፤ እኔም በኦሩንሚላ ምስክርነት አላምንም። የምለው ሌላ ነው። ልቡ የወሰነውን ነገር ያላወቀ ሰው ብዙ ነው። ወዳጄ የእኔን ምክር ሰምቶ መክሰስ ይችል ነበር፤ ወንድሙን ማጣት እንደሚፈራ ግን ለእኔም ለራሱም ተናግሮ አያውቅም። ያንን ያወጣው ሰው ያልሰማው ሹክሹክታና የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ቀጥታ ቢጠየቅ «ምን አገባው፣ ይከሰስ!» ይል እንደነበር አልጠራጠርም።

ሁሉም የጥንቆላ ዓይነት አንድ አይደለም ማለቴም ለዚህ ነው። በእኛ አገር ታሪክ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተነዳ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። የሌባ ሻይ ጥያቄ «ማነው?» የሚል ነው፤ ጣቱ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ሰው ይጠቁማል፣ የተጠቆመበትም ሰው መከላከያ የለውም። በኢሌ ኢፌ ያየሁት ጥያቄ «እኔ ምን ላድርግ?» የሚል ነበር። ኢፋም ቢሆን ከዚህ ነቀፋ ፈጽሞ ነጻ አይደለም። ጠላትና መተት የሚጠቆምበት ጊዜ አለ። በናይጄሪያ ከተሞች የባባላዎን ስም ይዘው በአንድ ሌሊት ሀብታም አደርግሃለሁ የሚሉ አጭበርባሪዎችም ሞልተዋል። የእኛ የወንጀል ሕግ የሰውን የዋህነት በጥንቆላና በመሳሰለው ለጥቅም ማዋልን ይቀጣል፤ እንዲህ ላለው ሰው ድንጋጌው ይገባዋል። ሴቶች የኢፋ ሊቅ መሆን ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ክርክርም በናይጄሪያና በኩባ ተከታዮች መካከል አላባራም።

ይህም ሆኖ ሥርዓቱ ዛሬ የሚያፍሩበት ነገር መሆኑ እየቀረ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢፋን ከዓለም ድንቅ የቃል ቅርሶች አንዱ ብሎ አወጀ፤ በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። ታሪኮቹን ሰብስበው ካሳተሙት አንዱ ዋንዴ አቢምቦላ ራሳቸው ባባላዎ ናቸው፤ ከ1982 እስከ 1989 እዚያው ኢሌ ኢፌ ያለውን ዩኒቨርሲቲ መርተዋል። ኦገስት 20 የባህላዊ እምነት ቀን ሆኖ በዮሩባ ምድር ይከበራል፤ በ2023 የሌጎስ መንግሥት ሳይቀር ለበዓሉ ሥራ ዘግቷል። ወዳጄ ግን አሁንም ኢሌ ኢፌ መሄዱን ለቄሱ አልነገረም።

ስለ ቤቱ ለምትጠይቁኝ፣ ምግቡ ተበላ። ወንድምየው መጀመሪያ አልመጣም፤ በሁለተኛው ቀጠሮ መጣ። ቀብዱ ተመለሰ፣ ሽያጩ ቀረ፣ የቤቱ የመንገድ ዳር ክፍል ለሱቅ ተከራየ። ሰላም ወረደ እንዳልል በኪራዩ አከፋፈል እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ባለፈው ዓመት ወዳጄ ደወለልኝና ስለ ኪራዩ ክስ እያሰበ መሆኑን ነገረኝ።

«ባባ ዘንድ ሄድክ?» አልኩት።

«መጀመሪያ አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው» አለኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ወንድሙ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት።